ከባቲ ቁልቁል በሞተር

«ንፋሱን ትንሽ ልቀንስልህ፤ ታች ስትወርድ በሙቀት ይፈነዳብሃል» አለኝ የባቲው ጎሚስታ፣ የኋላ ጎማዬን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን እያደረገ።

«ተወው ወንድሜ፣ በልኩ ይሁን።»

«አቦ እንደ ፈለግህ! እኔ የማውቀውን ነው የነገርኩህ።»

ቅር ሳይለው አልቀረም። ወደ አፋር በሚወርደው መንገድ ዳር ብዙ ጎሚስታዎች የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የሞተር ጎማ ንፋስ ከፍ የሚለው ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ ቢሆን ነው፤ ጎማው ሲሠራም ይህ ታስቦለታል። ንፋሱ ያነሰ ጎማ ግን በዞረ ቁጥር ይለመጣል፣ ይታሻል፣ ከውስጥ ራሱን በራሱ ያግላል። በጋለ አስፋልት ላይ ጎማ የሚፈነዳው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ጎድሎት ሲሄድ ነው። ስለዚህ ማለዳ፣ ጎማው ሳይግል መለካት፤ ከዚያ በኋላ አለመነካካት። ሰውየውን ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም። ፀሐይ ሳትወጣ መንገድ መጀመር ነበረብኝ፤ ቀኑም ሰኞ ስለሆነ የባቲ ገበያ ሊቆም ነው፤ ግመሎችና ፍየሎች ከታች በኩል እየገቡ መንገዱን መዝጋት ጀምረዋል።

ወሩ ሰኔ ነው። በዋዜማው ደሴን ስለቅ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ነበር፤ ደጋን ከተማ ላይ ደግሞ ካፊያ አግኝቶኛል። ደጋው ክረምት ሲገባለት ቆላው የሚነድበት ጊዜ ነው፤ አፋሮች ይህን ወቅት ሐጋይ ይሉታል። ከደሴ እስከ ሚሌ ያለው መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ከፍታው ግን ከ2,500 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ወደ 500 ሜትር ይወርዳል። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት አየሩ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይሞቃል። በዚያ ላይ ደመና የለም፣ ዛፍ የለም፣ ጥቁር ድንጋይና ጥቁር አስፋልት አለ። ደሴ ላይ ሹራብ የደረበ ሰው በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ አየር ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። መኪና ውስጥ ያለ ሰው መስኮት ዘግቶ ቀዝቃዛ አየር ይከፍታል። ሞተረኛ የሚዘጋው መስኮት የለውም።

ሞተሬ ቦክሰር 150 ነው። ይህን ያነሳሁት ለማስተዋወቅ ሳይሆን፣ የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በሚያገኘው ነፋስ ብቻ መሆኑን ለመናገር ነው። ሲሄድ ይተነፍሳል፤ ቆሞ ሲንተከተክ ይግላል። ስለዚህ መንገድ ላይ ወሬ ከተጀመረ ማጥፋት፣ ያረጀ ዘይት ይዞ ቆላ አለመውረድ፣ ቤንዚንም ሙቀት ሲነካው ስለሚሰፋ ታንከሩን እስከ አፉ አለመሙላት። ስለ ሞተሩ ይህ ይበቃል። ብረት ከ100 ዲግሪ በላይም ግሎ ይሠራል፤ የሰው ሰውነት ከ37 ተነስቶ 40ን ሲያልፍ አእምሮ ይስታል። በዚህ መንገድ ላይ ቀድሞ የሚበላሸው ጋላቢው እንጂ ሞተሩ አይደለም።

መቀመጫው ላይ አጎዛ አስሬያለሁ። ያየኝ ሁሉ ይስቃል፤ «ደግሞ ለሙቀት አጎዛ!» ይላሉ። ጥቁሩ ላስቲክ መቀመጫ ሰባት ሰዓት ላይ ጭን ያቃጥላል፤ ላብም ይቋጥራል። በበግ ፀጉር መሃል ግን አየር ይመላለሳል። ጎጃምም ሆነ ወሎ ያሉ የጥንት ፈረሰኞች ኮርቻቸው ላይ አጎዛ ማንጠፋቸው ለጌጥ ብቻ አይመስለኝም።

ቁርስ የበላሁበት ቤት ባለቤት ግን በአጎዛው አልሳቁም፤ ያስደነገጣቸው ልብሴ ነው። እጅጌው ረጅም የጥጥ ሸሚዝ፣ በላዩ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ጃኬት፣ ጓንት፣ ወፍራም ሱሪ፣ ቡት ጫማ፣ አንገቴ ላይ ፎጣ።

«ልጄ፣ በዚህ ልብስ ነው አፋር የምትወርደው? ትቀቀላለህ እኮ!»

«ውሃ አረጥበዋለሁ እትዬ።»

«ጃኬቱን?»

«ሸሚዙን። ጃኬቱ ሸሚዙ ቶሎ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል።»

አላመኑኝም። ብዙ ሰው አያምንም፤ ምክንያቱም ሁላችንም ሙቀትን የለመድነው በደጋ ነው። ደጋ ላይ ሲሞቅ ልብስ ይወልቃል፣ ደረት ይከፈታል፣ ነፋስ ይገባል፣ ነገሩ ያበቃል። የሰው ቆዳ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አየሩ ከዚያ በታች እስከ ሆነ ድረስ ነፋስ ከሰውነታችን ሙቀት ይወስዳል። አየሩ ከዚያ ሲያልፍ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ነፋሱ ሙቀት ተሸክሞ ይመጣል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለሚጋልብ ሰው ደግሞ አብዝቶ ያመጣል። ከዚያ ወዲያ ሰውነታችን የቀረው መሣሪያ ላብ ብቻ ነው፤ ላብም የሚያበርደው ቆዳ ላይ ሲተን ነው። የደረቀው የአፋር ነፋስ የተራቆተ ክንድ ላይ ሲያርፍ ላቡን ገና ብቅ ሳይል ይጠርገዋል። ስለዚህ ሰውየው ክንዱን ይዳስስና «አላላበኝም እኮ» ይላል። አልቦታል፤ አላየውም እንጂ። በሰዓት 1 ሊትርና ከዚያ በላይ ውሃ ከሰውነቱ እየወጣ፣ እሱ ቆዳዬ ደረቅ ነው ብሎ ይኩራራል።

መፍትሔው የሰውነትን ውሃ ከማስጨረስ የጄሪካኑን ውሃ እንዲተን ማድረግ ነው። የጥጥ ሸሚዝ በደንብ ይነከራል፣ እንዳይንጠባጠብ ያህል ይጨመቃል፣ ይለበሳል። በላዩ ጃኬት ይቆለፋል። እጅጌውና አንገቱ ብቻ ትንሽ ክፍት ይሆናሉ፤ አየር በጥቂቱ ገብቶ በጥቂቱ ይወጣል። ጃኬቱ ወለል ብሎ ከተከፈተ ሸሚዙ ኩበት የሚሆነው ከ10 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ሲዘጋ ግን አንድ ሰዓት ያህል ያደርሳል። 1 ሊትር ውሃ ሲተን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ያንኑ 1 ሊትር ከፍሪጅ አውጥተን ብንጠጣው፣ ሆዳችን ውስጥ እስኪሞቅ ድረስ የሚወስድልን ከ30 ብዙም አይዘልም። እርግጥ ሸሚዝ ላይ ያለው ውሃ ሙቀቱን ሁሉ ከሰውነት አይወስድም፤ ከአየሩም ይወስዳል። ቢሆንም ልዩነቱ የትየለሌ ነው። የቀዘቀዘ ሃይላንድ ውሃ የሚያስደስተው ጉሮሮን ነው፤ ደረትን የሚያድነው የረጠበው ሸሚዝ ነው። መጠጣቱ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ የተጠጣውም ኋላ ላብ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ እኛ ግን የምናውቀው አንዱን ብቻ ነው።

ከባቲ ወርጄ የመጀመሪያው ደረቅ ወንዝ ጋ ስቆም፣ ይህን ሁሉ ሳይማር የሚያውቅ ልጅ አገኘሁ። ጫት ጫኝ ነው። የሞተሩ የኋላ ወንበር ላይ ሁለት ትልልቅ እስሮች በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ ከላስቲክ ገመዱ ሥር ውሃ እያንጠባጠበ ቆሟል። ራሱ የለበሰው የአርሴናል ማልያ ነው፤ ክንዶቹ ከክርን በታች በፀሐይ ከስለዋል። የኮዳውን ውሃ ቀስ እያደረገ፣ አንድም ጠብታ መሬት ሳይነካበት ጆንያው ላይ ያፈሳል። ከላይ ጀመረ፣ በጎን አዞረ፣ ነፋስ በሚመታው በፊት ለፊቱ በኩል ደገመ፣ ከዚያም ጫፉን አጥፎ ዘጋው።

«በስንት ጊዜ ታጠጣዋለህ?» አልኩት።

«በየደረስኩበት። ከጠወለገ ማን ይገዛኛል?»

«አንተስ? ማልያህ ደርቋል።»

ሳቀ። «እኔንስ ማን ይገዛኛል!»

ቀልዱ እውነት ነበረው። ቢሆንም ከኔ ጄሪካን ውሃ ስሰጠው አላቅማማም፤ ማልያውን አውልቆ ነከረውና ለበሰው፣ ሞተሩ ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ የቆየ የዝናብ ጃኬትም በላዩ ደረበ። «ጫት ሆንኩልህ!» ብሎኝ ወረደ። የዝናብ ጃኬት አየር ስለማያስገባ ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ቢሆንም ከራቁት ክንድ ሳይሻል አይቀርም አልኩ በልቤ።

ጫት ካነሳሁ አይቀር፣ ሹፌሩም ሞተረኛውም ይህን መንገድ በምርቃና ሲበር አይቻለሁ። መቃም አለመቃም የራስ ጉዳይ ነው፤ ግን ጫት የልብን ምት ያፈጥናል፣ የሰውነትንም ሙቀት ይጨምራል፣ ድካምንም ይደብቃል። በ42 ዲግሪ ላይ ድካም ሲደበቅብህ ምን እንደሚሆን ማሰብ አያዳግትም።

ከባቲ በታች መልክዓ ምድሩ በየኪሎ ሜትሩ ይራቆታል። ግራር ይሳሳል፤ ጥቁር ድንጋይ ይበዛል፤ ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ቁጥቋጦ ብቻ በየሸለቆው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ የግጦሹን መሬት እየወረሰ ስላስቸገራቸው አርብቶ አደሮቹ በአረንጓዴነቱ አይደሰቱም። መንገዱን ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ወደ አሰብ የዘረጉት ነው፤ ዛሬ የሚርመሰመሱበት የጅቡቲ መኪኖች ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ስማቸው በየዜናው የተጠራው እንደ ካሳጊታ ያሉ ቦታዎችም እዚሁ መንገድ ላይ ናቸው። በነዚህ ዓመታት ወደዚህ የሚወጣ ሰው ከጎማና ከዘይት በፊት የሚጠይቀው መንገዱ ሰላም መሆኑን ነው።

ከዚሁ መንገድ ወደ አዋሽ በኩል ገባ ሲሉ ሐዳር ይገኛል፤ ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችበት። በሞተር ላይ ሆኜ ስለሷ ማሰቤ አልቀረም። ፒተር ዊለር የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባቀረባቸው ጽሑፎች፣ በሁለት እግር ቆሞ መሄድ አንዱ ጥቅሙ ለቀትር ፀሐይ የሚጋለጠውን ገላ ማሳነሱ ነው ይላል፤ በአራት እግሩ የሚሄድ እንስሳ ጀርባውን በሙሉ ለፀሐይ ሲሰጥ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ግን የሚሰጠው አናቱንና ትከሻውን ነው። ሁሉም ሊቅ አይስማማበትም፤ በድንቅነሽ ዘመንም፣ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ሐዳር ሐይቅና ደን እንጂ የዛሬው ምድረ በዳ አልነበረም። ለሞተረኛ ግን ሐሳቡ ይጠቅማል። አናት፣ ትከሻ፣ በዚያም ላይ ተቀምጠን ስለምንጋልብ ጭን፤ የቀትር ፀሐይ የምታርፈው እዚህ ነው። ስለዚህ እኔ ከሄልሜቱ ሥር እርጥብ ጨርቅ አደርጋለሁ፣ ሱሪዬንም ጭኔ ላይ አረጥባለሁ። ጥቁር ሄልሜት ለዚህ አገር አይሆንም። የፊቱን መስታወትም ሙቀቱ ሲበረታ ከመክፈት ገርበብ ማድረግ ይሻላል፤ ያ ነፋስ ዓይንን ያደርቃል።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት አረፍኩ። ሻይ ቤት ማለት አራት እንጨት፣ በላዩ ሰሌን፣ ከሥሩ ሁለት አግዳሚ ነው። ከሚሌ በኩል የመጣ አይሱዙ ቆሞ አንድ የአፋር ሽማግሌ አወረደ። ሽርጣቸውን አስተካክለው ከባለቤቱ ጋር እጅ ተሳሳሙ፤ ከዚያ ተቀምጠው ዳጉ ጀመሩ። ዳጉ ዝም ብሎ ሰላምታ አይደለም። መጪው ያየውን፣ የሰማውን፣ የመንገዱን፣ የሣሩን፣ የውሃውን፣ የሰውን ነገር በቅደም ተከተል ይናገራል፤ አድማጩ እያረጋገጠ ይቀበላል፤ የተቀበለውንም ለሚቀጥለው ሰው የማድረስ ግዴታ አለበት። በመካከል ባለቤቱ ወደኔ ዞሮ በአማርኛ፣ «ከፊት ለፊትህ አንድ ሞተረኛ ወድቋል» አለኝ።

«ተጋጭቶ?»

«አይደለም። ፀሐይ ነው የጣለችው። ጓደኛው አብሮት አለ። ውሃ ያዝ።»

በዚያ ሰዓት የኔ ስልክ ኔትወርክ አልነበረውም፤ ወሬው የደረሰኝ በዳጉ ነው።

ካሳጊታን አልፌ ወደ ሚሌ በሚወስደው ሜዳ ላይ አገኘኋቸው። ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ ከመሃል አገር የመጡ፣ ወደ ሰመራ የሚሄዱ። ታማሚው ቲሸርት ለብሷል፤ ጃኬቱ ሻንጣው ላይ ታስሯል። ጓደኛው የሞተሩ ጥላ ሥር ሊያስቀምጠው ሞክሮ ነበር፤ ግን ሊቀትር ሲል ሞተር ምን ጥላ አለው? አንድ ተሳቢ ከባድ መኪና ቆሞላቸው ሹፌሩና ረዳቱ እየወረዱ ነበር የደረስኩት።

«ምች ነው የመታው» አለ ረዳቱ። «ዳማከሴ ቢገኝ ጥሩ ነበር። ሸፈን አድርጉት።»

ዳማከሴን አልንቅም፤ እናቴ በሱ ነው ያሳደገችኝ። ይህ ግን ደጋ ላይ ላብ እያለ ነፋስ ስለነካው የሚያተኩስ ሰው ዓይነት አልነበረም። ግንባሩን ስነካው ይጋረፋል፤ ፊቱ ቀልቷል። ዓይኑ ያየኛል፣ ግን አላወቀኝም፤ ጓደኛውንም እንደ እንግዳ ነው የሚያየው።

«ወንድሜ፣ ዛሬ ቀኑ ማን ነው?»

ቆይቶ፣ «ሐሙስ» አለ።

«ወዴት ነው የምትሄዱት?»

«ቤት።»

ሙቀት የመታው ሰው ራሱን ካመመው፣ ካጥወለወለውና ጡንቻው ከተኮማተረ ጥላ ያሳርፈዋል፣ ጨው ያለው ውሃ ይመልሰዋል። ንግግሩ ሲሳከር ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የውስጥ ሙቀቱ 40 ዲግሪ አልፏል ብሎ መያዝ ይገባል። ያኔ የሚቆጠረው ደቂቃ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በጋቢ መሸፈን እሳት ላይ እንጨት መጨመር ነው፤ እያማታ ውሃ ማጠጣትም ትን ሊለው ስለሚችል አደገኛ ነው። ተሸክመን ከተሳቢው ሥር አስገባነው፤ በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ የነበረው ጥላ እሱ ብቻ ነው። ሄልሜቱን ከአንገቱ ላይ ፈታን፣ ጫማና ቀበቶውን አወለቅን። ሹፌሩ ከመኪናው ጎን የተንጠለጠለውን ጄሪካን አወረዱ። ዙሪያውን ጆንያ ሰፍተውበታል፤ ጆንያው እርጥብ ስለሆነ ውስጡ ያለው ውሃ በዚያ ሙቀት ቀዝቅዞ ነበር። ውሃውን ከአናቱ እስከ እግሩ አፈሰስንበት፤ ረዳቱ የካርቶን ክዳን ቀዶ ማራገብ ጀመረ።

«ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ልቡን አያቆመውም?» አለ ጓደኛው እየተንቀጠቀጠ።

«ልቡን የሚያቆመው ሙቀቱ ነው፤ አፍስስ!» አሉት ሹፌሩ።

ስናፈስ፣ ስናራግብ፣ ሲደርቅ ደግመን ስናፈስ ቆየን። ረዳቱ ክንዱ ሲዝል ጓደኛው ተቀበለው። መጀመሪያ የተለወጠው ዓይኑ ነው፤ የካርቶኑን መሄድና መምጣት መከተል ጀመረ። ከዚያ ጓደኛውን በስሙ ጠራው። ጓደኛው ካርቶኑን ጥሎ አለቀሰ። አንድ ፒካፕ አስቁመን፣ እርጥብ ቲሸርቱን እንደለበሰ፣ መስኮት እንደተከፈተ፣ ሚሌ ወዳለ የጤና ተቋም ላክነው፤ ማታ ደውዬ ስጠይቅ ጉሉኮስ ተደርጎለት በደንብ እያወራ ነበር።

ሹፌሩ ጄሪካናቸውን እየሞሉ ጓደኛውን፣ «ውሃ አልያዛችሁም ነበር?» አሉት።

«ይዘን ነበር፣ ጋሼ። ጠጥተን ጨረስነው።»

«ገላችሁ ላይስ አፈሰሳችሁ?»

«እሱን አላሰብነውም። ነፋሱ ይበቃል ብለን…»

ሚሌ የገባሁት ስድስት ሰዓት አካባቢ ነው፤ እስከ አሥር ሰዓትም አልተነሳሁም። የቀኑ ጉልበት የሚበረታው ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት መንገዱ ላይ ያለው ሰው ወይ የተገደደ ነው ወይ የማያውቅ። ግመሎቹ እንኳ ይቆማሉ። የጉምሩክ ፍተሻ የሚጠብቁ ሹፌሮች ከተሳቢያቸው ሥር ሰሌን ዘርግተው ተኝተዋል። እኔም ዳስ ሥር ተጋድሜ ከጤና ጣቢያ የያዝኩትን ለምለም የሚባል ኦአርኤስ በልኩ በጥብጬ፣ ማለትም በ1 ሊትር ውሃ አንድ ከረጢት፣ ቀስ እያልኩ ጠጣሁ። ላብ ውሃ ብቻ አይደለም፣ ጨውም ነው፤ ቀኑን ሙሉ ባዶ ውሃ ብቻ የሚጋት ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ጨው ቀጥኖ ሌላ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሽንቱ የጠቆረ ሰው ውሃ አንሶታል፤ ከዚህ የተሻለ ቀላል መለኪያ አላውቅም። ለስላሳ መጠጥ ስኳሩ ስለሚበዛ ጥም ያባብስብኛል፤ ቡና በጨው ግን ወሎዬ ስለሆንኩ ነው መሰል ይስማማኛል።

የተሳቢው ሹፌር እዚያው ዳስ ሥር መጡ። ጅቡቲ ሲመላለሱ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። እርጥቡን ሸሚዜን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እዚህ ይሠራልሃል። ጅቡቲ ወደብ ስትደርስ ግን አውልቀው፤ አይረባህም።»

«ለምን ጋሼ?»

«እዚያ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ሸሚዝህ አይደርቅም፤ ላብህም አይደርቅም። አክንባሎ ሥር እንደ መግባት ነው። እዚያ የሚያዋጣው ሌሊት መንዳት፣ ቀን መተኛት ነው።»

ልክ ናቸው። ውሃ የሚያበርደው ሲተን ነው፤ አየሩ እርጥበት ጠግቦ ከሆነ የሚተንበት ቦታ የለም። በቁጥር ሲታይ ሰመራ ከጅቡቲ ወደብ ሊብስ ይችላል፤ ለሞተረኛ ግን 42 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት ከ38 ዲግሪ እርጥብ ሙቀት ይሻላል። ሙቀት መለኪያውን ብቻ አይቶ የሚወስን ሰው ይሳሳታል።

ከሚሌ እስከ ሎግያ ያለው መንገድ በአሥር ሰዓት ፀሐይ ብዙ የሚነገርለት የለም፤ ቀጥ ያለ ነው፣ አቧራው በየቦታው እየተሽከረከረ ይነሳል፣ ፍየል ይቆርጣል። አንዴ ቆሜ ሸሚዜን ደግሜ ነከርኩ፤ ያ ነው።

ሎግያ ላይ ሌሊቱ የራሱ ጉዳይ አለው። የያዝኩት ክፍል ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሰዋል። የቤቱ ሠራተኛ ሳልጠይቃት አልጋዬን አንስታ ግቢ ውስጥ አወጣችው፤ ሌሎቹም ሁሉ ውጭ ተደርድረዋል። ከግቢው አጥር ባሻገር ሁለት የአፋር ቤቶች ይታዩ ነበር፣ በእንጨት ቅስት ላይ ሰሌን የለበሱ። ነፋስ በሚመጣበት በኩል ሰሌኑን ከታች ገልበጥ አድርገውታል። ቆርቆሮ ቤት ሠርተን አልጋችንን ወደ ውጭ የምናወጣ እኛ ነን የሠለጠንን የምንባለው። ሰውነት ቀን የተጎዳውን ሌሊት ካልበረደለት በማግሥቱ ቶሎ ነው የሚሸነፈው፤ ስለዚህ ከሞተር ዕቃ እኩል የማስበው የመኝታ ቦታ ነው። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁና ፀሐይ ሳትበረታ ሰመራ ገባሁ።

አንድ ነገር ለሚመለከታቸው ሁሉ ልበል። ይህ መንገድ የአገሪቱ ገቢ ዕቃ ወደ ሰሜን የሚወጣበት፣ ሹፌሩ ጎማ የሚቀይርበት፣ የመንገድ ሠራተኛው አስፋልት የሚጠግንበት፣ የጫት ልጆች የሚመላለሱበት መንገድ ነው። ከባቲ እስከ ሚሌ ባለፍኩበት ሁሉ ሰው የሚጠለልበት ተብሎ የተሠራ ጥላ አላየሁም፤ ያን ልጅ ያስተኛነው መኪና ሥር ነው፣ መኪናውም በአጋጣሚ የቆመ ነው። በየ20 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰፊ ዳስና አንድ ሮቶ ውሃ ማቆም መንገዱን ለሚያስተዳድሩትም፣ ወደብ ለሚያመላልሱት ድርጅቶችም የሚከብድ ወጪ አይደለም። ዳሱን በአካባቢው ባሕል በሰሌን ይሥሩት፤ ቆርቆሮ አይሁን። ጥበቃውንና ውሃ መቅዳቱን ለአካባቢው ወጣቶች ይስጡ፤ የሚቀጥለው ሐጋይ ከመግባቱ በፊትም ይጀመር።